የፈረንሳይኛ ግስ በጆሮ፦ ሳድስ፣ ጥብቀትና የማትነበበዋ ኧ

ፈረንሳይኛ የጀመረ ሰው ገና በጠዋቱ የግስ እርባታ ገበታ ይሰጠዋል። ፓርሌ፣ ማለትም መናገር፣ በስድስት መስመር ተደርድሮ ይቀርባል። ተማሪው የየመስመሩን መጨረሻ በፊደል ይሸመድዳል። ሰው ሲያወራ ሲያዳምጥ ግን ከስድስቱ የሚሰማው ሦስት ብቻ ነው። ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱና ለእነሱ ያው አንድ ፓርል፤ ለእኛ ፓርሎ(ን)፤ ለእናንተ ፓርሌ። በዕለት ወሬ ደግሞ ለ"እኛ" የሚባለው ኑ ብዙ ጊዜ ይቀርና በቦታው ኦ(ን) ይገባል፤ "ኦ(ን) ፓርል" ሲባል ሦስቱም ወደ ሁለት ይወርዳሉ።

ገበታው የተሠራው ለዓይን ነው። ለጆሮ የሚሠራው ክፍለ ቃል ነው፤ ግሱ ስንት ቦታ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ቁራጭ በተናባቢ እንደሚዘጋ፣ የትኛው አናባቢ እንደሚዋጥ። ከዚህ የጀመረ ተማሪ ግማሹን ሽምደዳ ይገላገላል ብዬ አምናለሁ። መጻሕፍት "ልዩ ናቸውና በቃል ያዟቸው" ብለው የሚያልፏቸው አጻጻፎች እንኳ ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሳድስንና ጥብቀትን ይዞ ይመጣል፤ ጣጣው ሁለቱንም ፈረንሳይኛ በማይፈልጋቸው ቦታ መጠቀሙ፣ በሚፈልጋቸው ቦታ ደግሞ መተዉ ነው።

ስለ አጻጻፌ ሁለት ነገር ላስቀድም። የላቲን ፊደሎቹን የምጠራቸው በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው፤ እንግሊዝኛ የተማረ ሰው "ኢ" የሚላት እዚህ ኧ ናት። በቅንፍ የገባችው (ን) ደግሞ የማትነበብ ን ናት። አናባቢው በአፍንጫ ይወጣል፣ ምላስ ግን ጥርስ ሥር አይነካም። ፓርሎ(ን) ስትሉ ምላሳችሁ ላንቃ ከነካ ቃሉ ተበላሽቷል።

አቆራረጡ ራሱ ቀላል ነው። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተናባቢ ካለ ወደ ኋለኛው ይሄዳል፦ ካ-ሼ (መደበቅ)፣ ጋ-ኜ (ማሸነፍ)። ሁለት ከሆኑ ይከፈላሉ፦ ፓር-ሌ። ሁለተኛው ኤል ወይም ኤር ሆኖ የፊተኛው እንደ ት፣ ድ፣ ብ፣ ክ፣ ፍ ያለ ከሆነ ግን አይለያዩም፤ አብረው ወደ ፊት ይሻገራሉ፦ አ(ን)-ትሬ (መግባት)፣ ዱ-ብሌ (ማጠፍ፣ መቅደም)፣ ሱ-ፍሪር (መሠቃየት)።

ግራ የሚያጋባው ብዕሩና አፉ የተለያየ ቦታ መቁረጣቸው ነው። "መስጠት" የሚለው ዶኔ በጽሑፍ ሁለት ኤን አለው፤ መስመር ሲሞላ በሁለቱ ኤን መካከል ይቆረጣል። በንግግር ግን አንዲት ላላ ያለች ን ብቻ ናት፣ ዶ-ኔ። አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ፊደል ሲያይ ማጥበቅ ይቀናዋል፤ ዶኔ ላይ ን፣ አሪቬ (መድረስ) ላይ ር፣ አፕሌ (መጥራት) ላይ ፕ ጠብቀው ይሰማሉ። እነዚህ ሁሉ ላልተው ነው የሚነበቡት። የተደረበ ፊደል ብዙ ጊዜ የድሮ አጻጻፍ ውርስ ነው፣ አለዚያም ከፊቱ ላለው አናባቢ ምልክት ነው። ታክሴ (ቀረጥ መጣል) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኢክስ የምትባለዋ ፊደል አንድ ናት፣ ድምፁ ግን ሁለት፤ አፍ ታክ-ሴ ብሎ መሃሏን ይሰነጥቃታል፣ ብዕር ግን ፊደል መሰንጠቅ ስለማይችል እዚያ ቦታ ላይ ከነጭራሹ አይቆርጥም። ጠንቃቃ የማተሚያ ቤት ሰው የማይነበብ የቃል ጅራትንም ለብቻው ወደ ቀጣዩ መስመር አይጥልም።

የምትዋጠዋ ኧ

"ልብስ" የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው፤ ል አናባቢ ይዛለች፣ ብና ስ ባዷቸውን ናቸው። "ምድር" ላይ ደግሞ ምና ድ ይዘዋል፣ ር የለችም። ምልክት የለም፣ ግን ማንም አይሳሳትም፤ አፋችን የተናባቢ ክምር ሲበዛበት ራሱ ያስገባል፣ ካልበዛበት ይተወዋል። ምልክት የሌላት የፈረንሳይኛ ኧም የምትኖረው በዚህ ዓይነት ሕግ ነው። ሞሪስ ግራሞ(ን) የተባለው የቋንቋ ሊቅ "የሦስት ተናባቢ ሕግ" ብሎ ያስቀመጠው ነገር በአጭሩ፣ ኧ ስትወድቅ ሦስት ተናባቢ የሚገጣጠም ከሆነ አትወድቅም የሚል ነው።

በወደፊት ጊዜ ላይ ፈትኑት። "እንሰጣለን" ሲጻፍ ሦስት ክፍለ ቃል ይመስላል፤ ኧ ብትወድቅ የሚገናኙት ንና ር ብቻ ስለሆኑ ትወድቃለች፣ ዶን-ሮ(ን)። "እንናገራለን" ላይ ብትወድቅ ር፣ ል፣ ር ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ትቀራለች፣ ፓር-ለ-ሮ(ን)። "እናሳያለን" ላይም እንዲሁ፣ ሞ(ን)-ትረ-ሮ(ን)። አሁን "እንዘፍናለን" የሚለውን ውሰዱ። በጽሑፍ ኤን፣ ቴ፣ ኤር አሉበት፤ ሦስት ተናባቢ ብሎ የቆጠረ ሰው ሻን-ተ-ሮን ይላል። ግን ኤኗ በአፍንጫው ድምፅ ውስጥ ሟሙታለች፤ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሻ(ን)-ትሮ(ን)። (ን)ን በቅንፍ መጻፍ ያስፈለገው ለእንዲህ ያለው ነው፤ የማትነበበውን ን እንደ ተናባቢ የቆጠረ ሰው የክፍለ ቃል ቁጥሩም አብሮ ይዛባበታል።

እዚህ ድረስ ሳድስ ረዳን። አሁን ደግሞ የሚጎዳበት ቦታ። "መውሰድ" የሚለው ፕራ(ን)ድር በፈረንሳይኛ አንድ ክፍለ ቃል ነው፣ ከመጀመሪያው ፕ እስከ መጨረሻው ር። አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ ላይ ፕና ርን ሲያይ በመካከላቸው ሳድስ ያስገባል፤ መጨረሻ ላይ ድና ር መካከል ሌላ ይጨምራል። አንዱ ሦስት ይሆናል። ፈረንሳዊ አድማጭ ቃሉን በክፍለ ቃሉ ብዛትም ስለሚለየው፣ ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ቃሉ ሊጠፋበት ይችላል። ትሩቬ (ማግኘት)፣ ክሯር (ማመን)፣ ፕለሬ (ማልቀስ) ላይም ያው ነው።

ለፊተኛው መድኃኒቱ ከኋላ መጀመር ነው። መጀመሪያ ራ(ን) በሉ። ከዚያ የጉሮሮዋን ር እንደያዛችሁ ከንፈር ዝጉና ክፈቱ። ፕ ከር በፊት ሳይሆን በር ላይ የተደረበች ያህል ትወጣለች። ለኋለኛው ደግሞ ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል አስከትሉ። "ቡና መውሰድ" ስትሉ፣ ፕራ(ን)-ድረ(ን)-ካ-ፌ፣ ድር ተነሥታ የሚቀጥለው ክፍለ ቃል መነሻ ትሆናለችና ሳድስ የምትገባበት ቀዳዳ የለም። ፓርልም እንዲሁ ናት። ብቻዋን ስትነበብ ርና ል መካከል ሳድስ ይሾልካል፤ "ለሉዊ (የሰው ስም ነው) ይናገራል" ለማለት ኢል-ፓር-ላ-ሉዊ ስትባል ግን ል ወደ አ ትሻገራለች። አንድ ሳምንት እንዲህ ከተለማመዱ በኋላ ቃሉን ከሐረጉ ነጥሎ ማንበብ ይቀላል።

ኧን ሁልጊዜ ማንበብ ስሕተት ነው ማለት ግን አይደለም። ማርሴይና ቱሉዝ አካባቢ ፓርል ላይ የመጨረሻዋን ኧ ብዙ ሰው ያሰማታል፤ የደቡብ አነጋገር መለያው ናት። በጥንቱ የፈረንሳይኛ ግጥምም ኧ ቀጥሏት የሚመጣው ድምፅ ተናባቢ ከሆነ እንደ ክፍለ ቃል ትቆጠራለች። "ይናገሩ ነበር" ላይ ያለችው ጅራት ግን በግጥም እንኳ አትቆጠርም፤ ፓር-ሌ ሁለት ናት፣ ሦስት የማይነበብ ፊደል ይከተላት እንጂ።

ጭረቱ ከየት መጣ

አሽቴ፣ መግዛት፣ በእርባታው መሃል አራቱ ላይ ኧዋ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት ታወጣለች፣ ሁለቱ ላይ አታወጣም። መጻሕፍት ይህን ሥሩ የሚለወጥ ግስ ብለው ለብቻው ያስተምራሉ። ቀስ ብለን እንቁረጠው።

ፈረንሳይኛ ምቱን፣ ማለትም የድምፁን ጉልበት፣ የሚጥለው በመጨረሻው በሚሰማ ክፍለ ቃል ላይ ነው። "እገዛለሁ" ሲባል የጅራቷ ኧ አትሰማም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ሼት ነው፣ በት የተዘጋ፣ ምቱንም የተሸከመ። ተራ ኧ ይህን ሸክም አትችልም። ከፍ ብላ ክፍት ኤ (አፍ ሰፋ ብሎ የሚነበብ ኤ) ትሆናለች፣ ዣ-ሼት፤ ጭረቱ ይህንኑ ነው የሚመዘግበው። "እንገዛለን" ሲባል ምቱ ወደ ቶ(ን) ይሄዳል፣ መሃል የቀረችው ኧ ትዋጣለች፦ ኑ-ዛሽ-ቶ(ን)። ጭረት የሚያወጡት አራቱ መደቦች እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። ያው ፓርል ላይ አንድ ዓይነት የሚሰሙት አራቱ ናቸው። አዲስ ሕግ አልመጣም።

ወደፊት ጊዜ ላይ ግን ስድስቱም ጭረት አላቸው፣ ዣ-ሼ-ትሬ። ምክንያቱ ቀጥላ የምትመጣው ኧ ነች፤ እሷ ልትዋጥ ስለሆነ የፊተኛዋ መቆም አለባት። ሁለት ተከታታይ ኧ ሁለቱም አይዋጡም።

አፕሌ ያንኑ ችግር በጭረት ሳይሆን ኤልን በመደረብ ይፈታዋል። "እጠራለሁ" ዣ-ፔል፣ "እንጠራለን" ኑ-ዛ-ፕሎ(ን)፣ "እጠራለሁ" ወደፊት ሲሆን ዣ-ፔል-ሬ። የተደረበችው ኤል አትጠብቅም፤ ሥራዋ የፊቷን ኧ ክፍት ኤ ማድረግ ነው። የትኛው ግስ ጭረት፣ የትኛው ድርብ ፊደል እንደሚወስድ ድሮ ዝርዝር መያዝ ይጠይቅ ነበር። በታኅሣሥ 1990 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ መንግሥት ጋዜጣ የወጣው የአጻጻፍ ማስተካከያ ነገሩን አቅልሎታል። አፕሌንና ዥቴን (መወርወር) ከነቤተሰባቸው እንደነበሩ ትቶ የቀሩትን ሁሉ ወደ ጭረት ወስዷቸዋል። ያው ማስተካከያ ሴዴ (መልቀቅ፣ እጅ መስጠት) ላይ ከአፍ ጋር የማይሄድ አጻጻፍ አርሟል። ሰው ወደፊት ጊዜውን ሴ-ድሬ ሲል የሚያሰማው ክፍት ኤ ነው፤ የድሮው አጻጻፍ ግን የዝግ ኤ ጭረት ያስቀምጥ ነበር። አሁን ሁለቱም ይጻፋሉ። ፈተና ላይ ግን አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይሻላል።

"እናደርጋለን" ብቻ ለሕግ አልገዛ ብላለች። አ እና ኢ ተብላ ትጻፋለች፣ ሌላ ቦታ እንዲህ የተጻፈ ኤ ይነበባል፤ እሷ ግን ፈ-ዞ(ን) ናት። "ያደርግ ነበር"ም ፈ-ዜ። "ታደርጋላችሁ" ደግሞ ተመልሳ ፌት ትላለች። ይቺን በቃል ያዟት።

ኢል ቭዬ(ን) ወይስ ኢል ቭዬን

ኧ፣ ኤን፣ ቴ የሚል የ"እነሱ" የግስ ጅራት አይነበብም። በስምና በቅጽል መጨረሻ ግን ይነበባል። ፈረንሳዮች ይህን ለማሳየት የሚወዷት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የገዳሙ ዶሮዎች ዕንቁላል ታቅፈዋል። "ገዳም" እና "ታቅፈዋል" በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ፤ አንዱ ኩ-ቫ(ን) ነው፣ ሌላው ኩቭ። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰዋስው ነው፣ ፊደል አይደለም።

ታዲያ ጅራቱ ካልተሰማ አንድና ብዙ በምን ይለያሉ? በኧ እና ኤር ከሚያልቁት ግሶች በተናባቢ የሚጀምሩት ላይ በምንም። "ኢል ፓርል" እሱም እነሱም ነው፤ አገባቡ ካልነገራችሁ ፈረንሳዊውም አያውቅም። በአናባቢ የሚጀምሩት ላይ ዝ ትሰማለች፦ "ይወዳል" ኢ-ሌም፣ "ይወዳሉ" ኢል-ዜም። "አላቸው" እና "ናቸው" የሚለያዩት በዚህች ድምፅ ብቻ ነው፣ ኢል-ዞ(ን) እና ኢል-ሶ(ን)። ዝና ስን የምትለይ አፍ ስላለን መናገሩ አያስቸግርም።

ከቀሩት ግሶች በብዙዎቹ ላይ ብዙ ቁጥር ራሱ በተናባቢ ይዘጋል። "ይጨርሳል" ፊ-ኒ፣ "ይጨርሳሉ" ፊ-ኒስ። "ይሄዳል" ፓር፣ "ይሄዳሉ" ፓርት። "ይተኛል" ዶር፣ "ይተኛሉ" ዶርም። "ያነባል" ሊ፣ "ያነባሉ" ሊዝ። "ያስቀምጣል" ሜ፣ "ያስቀምጣሉ" ሜት። "አለበት" ዷ፣ "አለባቸው" ዷቭ። (በነገራችን ላይ ዷ፣ ቧ፣ ቯ፣ ክሯ የሚሉት የእኛ ፊደሎች ለዚህ ቋንቋ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢ የሚጽፈውን እኛ በአንድ እንጨርሳለን፣ ክፍለ ቃሉም እንደሚገባው አንድ ይሆናል።) ገበታው ከነጠላው እንድትጀምሩ ያስገድዳችኋል። እኔ ከብዙ ቁጥሩ ጀምሩ እላለሁ፤ መዝጊያውን ተናባቢ ስትጥሉ ነጠላው በራሱ ይወጣል፣ ከነጠላው ተነሥታችሁ ግን የትኛው ተናባቢ እንደሚጨመር መገመት አትችሉም። ያቺው ተናባቢ እነዚህ ስድስት ግሶች በሱብዦንክቲፍ (ምኞትን፣ ፍላጎትን፣ ጥርጣሬን በሚገልጸው የግስ መልክ) ሲረቡም ትመለሳለች፣ ስለዚህ አንዴ የተማራችሁት ሁለቴ ይከፍላል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከለው እንግዲህ "መምጣት" ላይ ነው። "ይመጣል" ቭዬ(ን) ነው፣ በአፍንጫ። "ይመጣሉ" ቭዬን ነው፣ ን ሙሉ በሙሉ የምትሰማበት። በነጠላው ላይ ምላሱ ላንቃ የነካ ሰው አንድ ሰው ሲመጣ ብዙ ሰዎች መጡ ብሎ ተናገረ። ኢልም በነጠላና በብዙ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚያድነው ነገር የለም። "ይይዛል" ትዬ(ን) እና "ይይዛሉ" ትዬንም እንዲሁ። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ነጠላውን በሉና መጨረሻው ላይ አፍንጫችሁን በጣት ዝጉ፤ ድምፁ ከታፈነ አየሩ በአፍንጫ እየወጣ ነው፣ ግማሹ ተሳክቷል። ከዚያ የምላሳችሁን ጫፍ በታችኛው ጥርስ ላይ አሳርፋችሁ ድገሙት። ምላስ እዚያ ተቀምጦ ን ማለት ስለማይቻል የሚወጣው (ን) ብቻ ነው።

ማጥበቅ የሚያስፈልግባቸው ጥቂት ቦታዎች

ከላይ አላሉ ስል ቆይቼ አሁን አጥብቁ ልል ነው። "አለ" ጠብቆና ላልቶ ሁለት ቃል እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል በቀላሉ ይይዘዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ይቸገሩበታል።

ኢ-ላ-ዲ "አለ፣ ተናገረ" ነው። ኢል-ላ-ዲ "ብሎታል" ነው። ልዩነቱ አንዲት የጠበቀች ል ናት። "ይሞት ነበር" ኢል-ሙ-ሬ፣ "ይሞት ነበር፣ ቢሆን ኖሮ" ኢል-ሙር-ሬ። ኩሪር (መሮጥ) እና አኬሪር (ማግኘት፣ ገንዘብ ማድረግ) ላይም ር እንዲሁ ትጠብቃለች። "እችላለሁ" እና "አያለሁ" በወደፊት ጊዜያቸው በጽሑፍ ሁለት ኤር አላቸው፣ ግን ፑ-ሬ፣ ቬ-ሬ ተብለው ላልተው ይነበባሉ። ኧ ስትዋጥም ሁለት ር ይገናኛሉ፦ "ተስፋ ያደርጋል" ወደፊት ሲሆን ኤስ-ፔር-ራ።

ሌላው ቦታ የ"እኛ" እና የ"እናንተ" ያለፈ ጊዜ ነው። "እናምናለን" ክሯ-ዮ(ን)፣ "እናምን ነበር" ክሯይ-ዮ(ን)። "እንሠራለን" ትራ-ቫ-ዮ(ን)፣ "እንሠራ ነበር" ትራ-ቫይ-ዮ(ን)። በፈጣን ንግግር ብዙ ፈረንሳዮች ይህን ልዩነት ራሳቸው ያጠፉታል፤ ጽሑፍ ስታነቡ ግን ጠብቁት። እንደ ድር ካሉ የማይለያዩ ሁለት ተናባቢዎች በኋላ ደግሞ ይ ራሷን ችላ ክፍለ ቃል ትሆናለች። "ትናገሩ ነበር" ፓር-ልዬ ሁለት ናት፤ "ትፈልጉ ይሆን" ግን ቩ-ድሪ-ዬ ሦስት፣ ድርና ይ አብረው አይነሡምና።

ግስ ከተውላጠ ስም ጋር ሲገለባበጥ የሞቱት ተናባቢዎች ይነሣሉ። "ይወስዳል" ፕራ(ን) ነው፣ መጨረሻው ላይ ዴ ተጽፎ አይነበብም። "ይወስዳል ወይ?" ሲባል ፕራ(ን)-ቲል ይሆናል፤ የምትነሣው ዴ እንደ ት ሆና ነው። ፓርል ላይ የሚነሣ ተናባቢ ስለሌለ ቴ ከውጭ ትመጣለች፣ ፓርል-ቲል፣ በጽሑፍም በሁለት ሰረዝ መካከል ትቀመጣለች። "ሂድ" ቫ ነው፤ "ወደዚያ ሂድ" ሲባል ግን ኤስ ይጨመርና ቫ-ዚ ይሆናል፣ ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን እንዳይቆሙ። "ውሰደው" ደግሞ ፕራ(ን)-ለ ነው። እዚህ ኧ መጨረሻ ላይ ናት፣ አትዋጥም፣ አሽቴ ላይ ካየነው በተለየም ምቱን እሷው ትሸከማለች።